ለአንድ ፊርማ ወደ አቃቂ

ከድሬዳዋ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ለሕክምና ይሄዳል፣ ለቪዛ ይሄዳል፣ ለሠርግ ይሄዳል። አቃቂ ቃሊቲ ልሄድ ነው ብሎ ሻንጣ ያሰናዳ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ከተመለስኩ ወዲህ የኮሌጃችን መምህራንም የሰፈሬ ሰዎችም «አዲስ አበባ እንዴት ነበረች?» ይሉኛል። አዲስ አበባን እንኳ አላየኋትም። ያየሁት ደቡባዊ ጫፏን ነው። የሄድኩትም ለአንድ ፊርማ ነበር።

ኢህሳን እባላለሁ፤ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተማሪዎቼ መለማመጃ ስፈልግ ኢንተርኔት ላይ «ቁና» የሚባል ፕሮግራም አገኘሁ። የሱቅ ፕሮግራም ነው፤ ምን ዕቃ ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ ይላል። የጻፈው ደረጀ የሚባል የአቃቂ ልጅ ነው። ፕሮግራሙ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ይኸውም የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ያሻሻለውን መልሶ ለሌላው ያካፍላል። አንድ ነገር ግን ጎድሎት ነበር፤ ከፈረንጅ ቀን በስተቀር አያውቅም። ድሬ ላይ ደግሞ አንድ ሱቅ ውስጥ ሦስት የዘመን አቆጣጠር ተሰቅሎ ታያላችሁ፤ የሐበሻው፣ የፈረንጁና የሂጅራው። ሦስቱን የሚያስማማውን ክፍል ጽፌ ላክሁለት። ወዲያው ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተጻጻፍን፤ በእንግሊዝኛ፣ ስለ ኮድ ብቻ።

ኅዳር ላይ ረዘም ያለ መልእክት ላከልኝ። ከናይሮቢ ባለሀብቶችን ወክላ የምትመጣ ሴት አለች፤ ቁናን ለሱቆች ለመትከልና ለመጠገን ያቋቋምነው ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ሊያስገቡ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ኮዱ ላይ እጁ ያለበት ሰው ሁሉ መብቱን ለድርጅቱ አስተላልፎ መፈረም አለበት፤ ሌሎቹ ፈርመዋል፤ የቀረኸው አንተ ነህ የሚል ነው። ወረቀቱን በፖስታ ልኮ ማስፈረም ይቻል ነበር። እሱ ግን «ፊት ለፊት ተገናኝተን ብንነጋገር ይሻላል» አለ። ይህ ነገሩ ደስ አለኝና ፈቃድ ጠይቄ ተነሳሁ። ልፈርም አልፈርም ግን ገና አልወሰንኩም ነበር።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ወጣ። ጎኔ የተቀመጡት እናት ደንገጎን ሳንጨርስ ተከናንበው ተኙ፤ እኔ ቁልቁል የድሬን መብራት እያየሁ ዳገቱን ወጣሁ። ቁሉቢ ላይ ሹራብ ደረብኩ፤ ሂርናንና አሰበ ተፈሪን አልፈን ወደ አዋሽ ቆላ ስንወርድ ሹራቡ ተመልሶ ወለቀ።

አዋሽ ሳንደርስ ኬላ አለ። የእኛ ከተማ በኮንትሮባንድ ስሟ የታወቀ ነውና ከዚያ የመጣ መኪና ሁሉ ይፈተሻል። ፈታሿ ሻንጣዬን ከፍታ ላፕቶፔን አወጣች።

«ደረሰኝ አለሽ?»

«ተማሪ ሳለሁ የተገዛ ነው። ደረሰኙ የት እንዳለ አላህ ይወቅ።»

ክዳኑን ስትከፍተው ማጠፊያው ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር ተላቆ እጇ ላይ ቀረ። አገላብጣ አየችውና ከነፕላስተሩ መለሰችልኝ። «ሂጂ እናቴ። ይሄንንስ ማንም አያሻግረውም።» አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ፈገግ አልኩ፤ ላፕቶፑን ግን ምሳ ስበላም ከጉልበቴ አላወረድኩትም። የብዙ ዓመት ሥራዬ ያለው እዚያ አሮጌ ዕቃ ውስጥ ነው።

አዳማን አልፈን ፈጣን መንገዱ ላይ ስንወጣ ሁሉም ዝም አለ። መንገድ ሲባል እኛ ጋ ሰው ያለበት ነገር ነው፤ ፍየል ይሻገራል፣ ልጅ ማንጎ ይዞ መስኮት ያንኳኳል፣ ሾፌሩ ዘመድ ሲያይ ቆም ብሎ ሰላም ይላል። ይህ መንገድ ግን ግራ ቀኙ በሽቦ የታጠረ ነው። ከሽቦው ወዲያ የደረሰ ጤፍ በነፋስ ይተኛል ይነሳል፤ የሚያጭዱት ሰዎች ቀና ብለው አያዩንም።

መንገዱ የሚያልቀው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ሾፌሩን ለምኜ እዚያ ወረድኩ። የተቀበለኝ ነፋሱ ነው፤ ሻሼን ከራሴ ላይ ሊወስደው ታገለኝ። ዙሪያውን አንድ ዓይነት የሆኑ ኮንዶሚኒየሞች ቆመዋል፤ ከሥራ የሚመለሰው ሕዝብ ከሚኒባስ እየወረደ ወደየሕንጻው ይበተናል። አንድ ረዘም ያለ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ሰዎቹን አንድ በአንድ እያየ በፊቴ አለፈ። ተመልሶ አለፈ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልፍ ስልኩን አወጣና የእኔ ስልክ ጮኸ።

«ሄሎ ኢህሳን፣ ደርሰሃል?»

«ደርሻለሁ። ከኋላህ ነኝ።»

ዞሮ አየኝ። ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ቆመ። እንግሊዝኛ ወንዱን ከሴት ሳይለይ «ዩ» እያለ ስንት ዓመት አጻጽፎናል። ኢህሳን የሚባል ወንድ አብሮት ተምሮ ኖሮ እኔንም እንደዚያው ቆጥሮኛል።

«አንቺ ነሽ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ። እኔ ቤት ፍራሽ ዘርግቼልህ... ዘርግቼልሽ ነበር» ብሎ አፈረ። ላጤ ነው፤ የሚኖረው በአንድ ክፍል። እዚያው ቆሞ የሥራ ባልደረባው ሙና ጋ ደወለ። ሙና የድርጅቱ ሌላኛዋ ባለቤት ናት፤ እሱ ኮድ ይጽፋል፣ እሷ ደንበኛ ታመጣለች። ከስልኩ ውስጥ ሳቋ ለእኔም ተሰማኝ። «ምን ያሳስብሃል? ወደ ቤት አምጣት» አለችው።

የሙና ቤተሰቦች ሳሪስ አቦ ነው የሚኖሩት። ስልጤዎች ናቸው፤ አባቷ ሐጂ ሸምሱ ከገበያው ዳር የቤት ዕቃ ሱቅ አላቸው። በሚኒባስ ስንሄድ ከመንገዱ ዳር የተደረደሩትን ተሳቢዎች አየሁ። ከጅቡቲ የመጡ ናቸው፤ ግማሾቹ በእኛ በኩል አልፈው የመጡ ይሆናሉ ብዬ የአገር ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ጎሚስታው ጎማ ያንኳኳል፣ ወያላው «ሳሪስ አቦ፣ ሳሪስ አቦ» ይላል፤ ባጃጃችንን ናፈቅሁ።

ራት ላይ ጥፋት ሠራሁ። ሐጂ ሸምሱ «ብዪ እንጂ ልጄ» ሲሉኝ «እየበላሁ ነው፣ አንተም ብላ» አልኳቸው። የቤቱ ሰው በሙሉ እጁን ማዕዱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ድሬ ላይ አንቱ ማለት ሰውን ማራቅ ነው፤ አባቴንም የኮሌጁን ዲንም አንተ ነው የምለው። እዚህ ግን ልጆቻቸው ሁሉ አንቱ ነው የሚሏቸው።

«ድሬዎች እንዲህ ናቸው አባ፣ ይቅር ይበሏት» አለች ሙና።

ሐጂ አፋቸውን ጠረጉና «ተዪያት። አንተ ስትለኝ ጎረምሳ የሆንኩ ይመስለኛል» አሉ። እስክሄድ ድረስ አንቱ ለማለት ብሞክርም በየመሀሉ ያመልጠኝ ነበር፤ እሳቸውም ባመለጠኝ ቁጥር ባለቤታቸውን እትዬ ዘሀራን ያዩና ፈገግ ይሉ ነበር።

ዓርብ

ቢሯቸው ቱሉ ዲምቱ አንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ጠባብ የንግድ ቤት ነው። በአንዱ ጎን ፀጉር ቤት፣ በሌላው ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው ሲነሳ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ደረጀ ሳያስበው በአንድ እጁ ብርጭቆውን ይዞ በሌላው ይጽፋል። ጠዋት ከሳሪስ እዚያ ለመድረስ የቆምነው ሰልፍ ድሬ ላይ ለስኳር እንኳ አይሰለፍም። ሙና ይህን በየቀኑ ታደርገዋለች።

በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ይጠፋ ነበር፤ ያን ቀንም ጠፍቶ ዋለ። ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ «ዛሬም የለም?» «የለም» ይባባልና ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ደረጀ ወረቀቱን አወጣና ቁጭ ብለን አነበብነው።

ነገሩን ላላወቀው ሰው ላስረዳ። ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ገንዘብ እንደ ባንክ ብድር አይደለም። ባንክ ቤት ያስይዛል። እነዚህ ግን ገና ጥርስ ባላወጣ ድርጅት ላይ ገንዘብ አስገብተው ድርሻ ይወስዳሉ። ድርጅቱ ከወደቀ ገንዘባቸው አብሮ ይቀልጣል፤ ከተሳካለት ግን እጥፍ ድርብ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ የሚፈልጉት ቀስ ብሎ የሚያድግ ሳይሆን የሚወነጨፍ ድርጅት ነው። ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከአሁን በኋላ የሚወጣው ቁና ኮዱ ዝግ ይሆናል፤ የሚሸጠውም የሚያሻሽለውም ድርጅቱ ብቻ ይሆናል።

«የድሮው እንዳለ ይቀራል» አለ ደረጀ። «ማንም ከማንም ላይ አይነጥቅም።»

«ገባኝ።»

«ሁለት ልጆች እቀጥራለሁ ብያለሁ ኢህሳን። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ እየጠበቁኝ ነው። የዚህን ቤት ኪራይ ሙና ከአባቷ እየተበደረች ነው የምንከፍለው። ደንበኛው አለ፤ ግን እኔና እሷ ብቻችንን የምንዘልቀው ነገር አይደለም።»

አመንኩት፤ የሚዋሽ ሰው አይደለም። ግን ወረቀቱን ሳነብ የሚታዩኝ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ነበሩ። ሥራ ሲያጡ ቁናን ወስደው፣ ወደ ሶማልኛ መልሰው፣ ድሬ ላይ በየመድኃኒት ቤቱና በየሱቁ እየተከሉ ይኖራሉ። ማንንም ፈቃድ አልጠየቁም፤ መጠየቅም አላስፈለጋቸውም። «እስከ ነገ ላስብበት» አልኩት።

ከጁምዓ በኋላ ሙና ማኪያቶ ጋበዘችኝ። ስለ ፊርማው አንዲት ቃል አላነሳችም። ይልቅ ድሬ ከቀትር በኋላ ሱቆች ተዘግተው ሰው አረፍ ይላል ስላት «ታዲያ መቼ ትሸጣላችሁ?» ብላ ከልቧ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ

የናይሮቢዋ ሴት ግሬስ ትባላለች። ባለ ጥቁር መኪና ሰው ጠብቄ ነበር፤ የመጣችው በቀላል ባቡሩ እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው፤ ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል። እድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም። ከሁሉ በፊት ደንበኞቻችሁን ማየት እፈልጋለሁ አለች።

ሙና የወሰደችን አቃቂ ወዳለ የሲሚንቶና የብረት መሸጫ ነው። ባለቤቱ ኦቦ ገመቹ የአካባቢው ተወላጅ ናቸው፤ ዛሬ የኮዬ ፈጬ ሕንጻዎች የቆሙበት አካባቢ ድሮ ያርሱ ነበር። ገና ወንበር ሳንይዝ መብራት ሄደ። ደረጀ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ለግሬስ ሊያሳይ ያሰበው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ኦቦ ገመቹ ግን ሳይደናገጡ ለስላሳ አስመጡልንና ጨለማው ውስጥ ተቀምጠን ጠጣን።

«ይሄ ፕሮግራም እኮ በነጻ ይገኛል» አለቻቸው ግሬስ፤ ሙና አስተረጎመችላት። «ለምን ይከፍላሉ?»

«መብራት ሲሄድ ሲመጣ ይበላሻል» አሉ። «ልጄ ይጎረጉረውና ያጠፋዋል። ለሙና እደውላለሁ፤ ትመጣለች። በክረምት ጭቃው እስከ ጉልበት ሆኖ መጥታለች።»

ግሬስ ሙናን ቀና ብላ አየቻት። ሙና ብርጭቆዋን ታይ ነበር። መብራቱ ሳይመጣ ተነሳን።

ምሳ ሳሪስ ዋናው መንገድ ዳር አንድ ሆቴል በላን። ሥጋው ለሙናና ለእኔ ስለማይሆን አስተናጋጁ ከማዶው ምግብ ቤት ዓሣ አስመጣልን፤ ስለ መላኪያውም ምንም አልጠየቀን። ዓሣው ሲያልቅ ደረጀ ወረቀቱን በእኔና በእሱ መሀል አስቀመጠው።

«አልፈርምም ደረጀ» አልኩት። አነጋገሬን ስንት ጊዜ ተለማምጄው ነበር፤ ሲወጣ ግን ባዶውን ወጣ።

ግሬስ ለምን እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠየቀችኝ። ስለ ተማሪዎቼ ነገርኳት። የድሮው ይቀራል ቢባልም ጥገና የማያገኝ ቤት ቀስ በቀስ እንደሚፈርስ፣ እኔም የጻፍኩትን የጻፍኩት ለሁሉም ይሆናል ተብሎ እንደሆነ ነገርኳት። ቀጥዬም የፈጢራ ነገር አነሳሁ። ድሬ ላይ ፈጢራ ሠሪው ሊጡን የሚዘረጋው መንገድ ዳር፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው። የደበቀው ነገር የለም። ወረፋው ግን ከእሱ ደጅ አይጠፋም።

ግሬስ አሰብ አደረገችና «ፈጢራ ሠሪው ያለው አንድ ምጣድ ነው» አለች። «የእኔ አለቆች ገንዘባቸውን የሚሰጡት መቶ ምጣድ ይኖረዋል ላሉት ሰው ነው። ገንዘቡም የእነሱ አይደለም፤ ከሌላ ሰው በአደራ የመጣ ነው። ነገ ጎረቤት አንስቶ ሊወስደው የማይችለው ምን አላችሁ ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?»

«ሙና አለች በያቸው።»

«ሙና አንድ ናት» አለች ግሬስ። አሽሙር አልነበረበትም፤ እውነቷን ነው።

ደረጀ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ግሬስ ኮዱ ክፍት እንደሆነ ገንዘብ የሚገባበት ሌላ መንገድ ካለ አለቆቿን እንደምታማክር ተናግራ፣ «ተስፋ ግን አልሰጣችሁም» አለች። ደረጀ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ግሬስን እሸኛታለሁ ብሎ ወጣ። እኔን ደህና ዋይ አላለኝም።

ከዚያ ወደ እነሙና ቤት መመለስ ነበረብኝ። የዚያን ዕለት መንገዱ ከድሬ አቃቂ ካለው ይልቅ ረዘመብኝ። የቤቱን ኪራይ ከአባቷ የምትበደር ልጅ ጎን እየሄድኩ፣ እነዚያው አባት ቤት ራት ልበላ ነው። ደጃፉ ላይ ቆም አልኩና «ሆቴል ብፈልግ ይሻል ይሆን?» አልኳት።

ሙና በሩን ከፈተችና እናቷን ጠራች፤ የሆነውን በስልጥኛ ነገረቻቸው። እትዬ ዘሀራ እጃቸው ቂቤ እንደነካ ወጡ። አዩኝ።

«ልጄ፣ እንግዳ የሚበላው በፊርማ ነው እንዴ?» አሉና እጄን ይዘው አስገቡኝ።

የቀረበው አታካና ነበር፤ በቡላ የሚሠራ፣ በቂቤና በአይብ የራሰ የስልጤ ምግብ። ለክብር እንግዳ የሚቀርብ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ሐጂ ሸምሱ ስለ ድሬ ሙቀት ጠየቁኝ፣ ስለ ጫት ዋጋ ጠየቁኝ፤ ስለ ሌላው ምንም አልጠየቁኝም። የቀረበልኝን ጨርሼ በላሁ።

ክፍላችን ከገባን በኋላ ነው ሙና የተናገረችው። «እኔ ፈርሜያለሁ። ስፈርም ግን ደስ ብሎኝ አይደለም። አንቺ እንቢ ስትዪ ተናደድኩ። ግማሽ ልቤ ደግሞ አረፈ። የቱ እውነተኛው እንደሆነ አላውቅም።»

እሁድ

ጠዋት ግቢው ውስጥ ወንበርና አግዳሚ ሲደረደር ነቃሁ። ሐጂ ሸምሱ የገበያው ነጋዴዎች ዕቁብ ዳኛ ናቸው፤ ዕጣው የሚወጣው በእሳቸው ግቢ ነው። ጉራጌውም ስልጤውም የአካባቢው ሰውም መጣ፤ ኦቦ ገመቹም አሉበት። ዕቁብ ድሬም አለ፤ የእኛው ግን ጫወታ ይበዛዋል፣ ይኸኛው እንደ ሸንጎ ነው። ሁሉም ሰላምታውን ጨርሶ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ሙናና እኔ ሻይ እናቀርባለን። ደረጀም መጣ፤ ሐጂ አስጠርተውት ኖሯል። ሲያየኝ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ።

ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ሐጂ ሸምሱ ተነሱ። «አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ልጆቹ የያዙትን ሥራ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሱቃችሁ ውስጥ አለ። ሰው ካልጨመሩ ይዘጉታል። ሙና በስሟ ዕቁብ ገብታ ትጣል፤ ዕጣውን ግን አስቀድማችሁ ብትሰጧት ብዬ ነው። ልጄ ስለሆነች ብቻ ከመሰላችሁ እንቢ በሉኝ፤ አልቀየምም።»

አንድ ወጣት የጨርቅ ነጋዴ ቅሬታ አቀረበ። «ሐጂ፣ ያከብሩናል እናከብርዎታለን። ግን ሰው ዕቁብ አስቀድሞ የሚወስደው ዕቃ ሊያስገባ ነው። ቢከስር እንኳ ዕቃው ይታያል። ይሄ የማይጨበጥ ነገር ነው።»

«ልክ ነህ» አለች ሙና፤ ሻዩን እንደያዘች። «የሚጨበጥ ነገር የለንም። ቅዳሜና እሁድ ስትደውል የምታነሳልህ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከጨመርን እኔ ስታመም የሚያነሳ ይኖራል። የማስይዘው ይሄንኑ ነው።»

ረጅም ንግግር ሆነ። አንዱ ይደግፋል፣ አንዱ ይጠራጠራል፤ ኦቦ ገመቹ ዋስ እሆናለሁ አሉ፤ ጨርቅ ነጋዴው ዛሬ የሚወጣው ዕጣ እንዳለ ይውጣ፣ የሚቀጥለው ለሷ ይሁን አለ። በዚህ ተስማሙ። ማንም አላጨበጨበም። ዕጣው ወጣ፤ የደረሰው ሰው ተመረቀ፤ ሻይ ተጠጣ፤ ሰው ወደየጉዳዩ ሄደ።

ከሰዓት ደረጀ አካባቢውን ላሳይሽ ብሎ ወሰደኝ። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ኮዬ ፈጬ ድረስ በእግር ሄድን። ያላለቁ ሕንጻዎች መስኮት ሳይገባላቸው በረድፍ ቆመዋል፤ በመሀላቸው ያልታጨደ የጤፍ ማሳ ቀርቷል።

«አልተቀየምኩሽም ብል እዋሻለሁ» አለ።

«አትዋሽ።»

«ዕቁቡ ደስ ብሎኛል። ሙና የምታደርገውን አይቼ ኮርቻለሁ። ግን አንድ ልጅ ያስቀጥረናል፤ ያውም ለጥቂት ወር። ከዚያስ? ግሬስ የምታመጣው ሌላ ነገር ነበር። ናይሮቢም አዳማም መቀሌም እንገባ ነበር። አየሽ፣ እኔ ይሄንን ስጽፍ አንድ ቀን ትልቅ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችል ነበር» ብሎ አረመኝ። «ኮዱን ክፍት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ያኔ ክፍት ባይሆን አንቺም አትመጪም ነበር። ይሄንን ትላንት ማታ ለራሴ ስነግረው ነበር፤ አልረዳኝም» አለ።

ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ ባዶ ሕንጻዎቹን እያየን ቆምን፤ ብርዱ ሲመጣ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ።

ሰኞ

እትዬ ዘሀራ ስንቅ ቋጠሩልኝ። አውቶቡስ ላይ ምሳ አለ ብላቸው «የሆቴል ምግብ ምግብ ነው?» አሉኝ። ሐጂ ሸምሱ እስከ መንገዱ ሸኙኝና ለአባቴ ሰላምታ ላኩ፤ የማያውቁትን ሰው በስሙ ጠርተው ነው። ሙና ሻንጣዬን አስጫነችልኝና አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ቆመች።

መተሐራ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ሹራቤንም ጃኬቱንም አጥፌ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ድሬ ስገባ ሰው መንገድ ዳር ወንበር አውጥቶ ነፋስ ይቀበላል። ነፋስ ማለት ምን እንደሆነ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት።

ሊወራ የቀረው ጥቂት ነው። ከናይሮቢ መልስ መጣ፤ የግሬስ አለቆች ክፍት ኮድ ላይ አንገባም አሉ። ለደረጀና ለሙና ግሬስ ራሷ ደውላ ነው የነገረቻቸው፤ በኢሜይል አልጻፈችውም። ደረጀ ከጥቂት ወራት በኋላ ናይሮቢ ውስጥ ሌላ ድርጅት ተቀጠረ፤ በጥሩ ደመወዝ። አሁንም አልፎ አልፎ ቁና ላይ ይጽፋል፤ የሚጽፍልኝ ግን ስለ ኮድ ብቻ ነው። ይቀጠራሉ ከተባሉት ልጆች አንዷ ከሙና ጋር እየሠራች ነው፤ ሌላኛው ሥራ አላገኘም። ይህንን የማስበው ብዙ ጊዜ ነው። የእኔ ሁለት ተማሪዎች ደግሞ አሁን ቁናን ሊተክሉ ጅግጅጋም ይሄዳሉ።

ባለፈው ሳምንት ሙና ደወለችልኝ። ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ ቢሮው ኪራይ አወራን። ከዚያ «ፈርመሽ ቢሆን ኖሮ እያልኩ የማስብበት ቀን አለ» አለችኝ።

«እኔም አለኝ።»

«ምን ይመስልሻል?»

«አላውቅም። አንቺስ፣ ስታስቢ የት ትደርሺያለሽ?»

«የትም አልደርስም» አለች። «መሀል ላይ ስልክ ይደወላል። የሆነ ሱቅ ተበላሽቶበታል። ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ።»